ጣና ዳር እሳት ማንደድ፦ ከሦስት ጉልቻ እስከ ዳኮታ ጉድጓድ

ሐይቁ ዳር ሊያመሽ ወይም ድንኳን ተክሎ ሊያድር የሚወጣ ሰው ሥጋውን አይረሳም። ቡናውን አይረሳም። ስፒከሩንም አይረሳም። የሚረሳው እሳቱን ነው። «እዚያው ጭራሮ እንለቅማለን» ብሎ ይሄዳል። ጨለማ ሲይዘው ከእርጥብ እንጨት ጋር ይታገላል፣ ዓይኑ በጭስ ይቀላል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ቤንዚን ያመጣል። ሌላ ደግሞ አለ፤ ዩቲዩብ ያየ። እሱ ክብሪት ኪሱ ውስጥ እያለ እንጨት ከእንጨት ጋር ሲያፋትግ ያመሻል።

እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ከባሕር ዳር ወጣ ብላችሁ አንድ ሌሊት ለምታሳልፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጉልቻ፣ አንድ እቅፍ ጭራሮ፣ ጥቂት ፍልጥና ክብሪት ይበቃል። ውስብስቡ ዘዴ የሚያስፈልገው ነፋሱ ሲበረታ፣ መሬቱ ሲጨቀይ ወይም እሳቱን ሳይነኩ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ሲፈለግ ነው። ሁለቱንም በየተራ እናያለን። ቀላሉንም ሆነ ውስብስቡን የሚያበላሸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ዝግጅት ማጣት። ስለዚህ ከክብሪቱ በፊት ያለው ክፍል ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ቦታው

ማንም ሰው መሬት ላይ እሳት ከማንደዱ በፊት ይጠይቅ። የጣና ዙሪያ ባለቤት አለው፤ የገበሬ ማሳ ነው፣ የገዳም ይዞታ ነው፣ ወይም የተጠበቀ ደን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሐይቁና አካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለት ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ዘጌ ላይማ ዛፍ አለመቁረጥ የቆየ የገዳማቱ ሥርዓት ነው፤ ቡናው የሚያድገው በዚያ ደን ጥላ ሥር ነው። በአቅራቢያው ያለ ሽማግሌ ካገኛችሁ «አባባ፣ እዚህ እሳት ብናነድ ችግር አለው?» ማለት አይከብድም። ብዙ ጊዜ መልሱ ፈቃድ ብቻ አይሆንም፤ የተሻለ ቦታም ያሳዩዋችኋል። የአካባቢውን ሰላምም በዚያው ጠይቁ።

ከደንገሉ ራቁ። ደንገል እርጥብ ይመስላል እንጂ በበጋ ከሥሩ የደረቀው አገዳ እንደ ወረቀት ነው የሚነደው። ዓሣውም ወፉም የሚራባው እዚያ ነው። ደግሞ የረግረጉ አፈር በሥርና በበሰበሰ ሣር የተሞላ ስለሆነ እሳቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ሊጨስ ይችላል። ከደንገልና ከረጅም ደረቅ ሣር ቢያንስ 15 እርምጃ ራቅ በሉ።

ጉማሬም አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል። ከውሃው ተነስቶ ወደ ሣሩ የሚሄድ የተረገጠ ሰፊ መንገድ ካያችሁ እዚያ አትስፈሩ። «እሳት ካለ አይመጣም» የሚለውን አትመኑ። ጉማሬን የሚያስቆጣው ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት ነው።

አሁን ነፋሱ። ቀን ላይ መሬቱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ በአብዛኛው ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍሳል። ሌሊት መሬቱ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ «ጭሱ ወደዚያ ነው የሚሄደው» ብላችሁ ድንኳኑን ከእሳቱና ከውሃው መካከል ከተከላችሁ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ጭሱ እናንተው ጋ ይመጣል። ድንኳኑን ወደ ሐይቁም ወደ ኋላም ሳይሆን ወደ ጎን፣ የሐይቁን ዳር ተከትላችሁ ትከሉት። ርቀቱ ከ5 ሜትር አይነስ። የባሕር ዛፍ ፍንጣሪ ናይለን ድንኳን ላይ ሲያርፍ ቀዳዳ ለማውጣት ሰከንድ አይፈጅበትም።

ለጉልቻ የሚሆን ድንጋይ ከውሃ ውስጥ አታውጡ። ይሄን ደጋግሜ የምለው ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። የጣና አካባቢ ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ብዙው ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ውሃ ውስጥ የቆየው በቀዳዳውና በስንጥቁ ውሃ ይይዛል። ሲሞቅ ያ ውሃ እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ያፈነዳዋል። ከፍ ካለ ደረቅ መሬት የተገኘ ድንጋይ ይሻላል።

ቦታው ሲወሰን ቅጠሉንና ሣሩን ጥረጉ፤ ዙሪያውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ አፈር ይሁን። ከዚያ አንድ ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ አጠገቡ አስቀምጡ። ሐይቅ አጠገብ ሆኖ ውሃ መቅዳት ሞኝነት ይመስላል። እሳት ሲያመልጥ ግን ወደ ውሃው ሮጦ ለመመለስ ጊዜ የለም።

ማገዶው

እንጨት ራሱ በቀጥታ አይነድም። ሲሞቅ መጀመሪያ ውሃው ይወጣል፣ ከዚያ ጋዝ ይለቃል፤ ነበልባል የምናየው ያ ጋዝ ሲነድ ነው። ቀጭን እንጨት ቶሎ ይሞቃል፣ ወፍራሙ ይዘገያል። ክብሪት ደግሞ ዕድሜው ጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ መሰላል መሥራት ነው፤ ክብሪቱ ማቀጣጠያውን፣ ማቀጣጠያው ጭራሮውን፣ ጭራሮው ፍልጡን እንዲይዝ።

ማቀጣጠያ የሚባለው በአንድ ክብሪት የሚያዝ ነው። ለእኛ አካባቢ አንደኛው የባሕር ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ከግንዱ ላይ ተልጦ የተንጠለጠለው ደረቁ። በእጃችሁ እያሻችሁ ቃጫ እስኪመስል አልሙት። የጤፍ ጭድ፣ ደረቅ ሣር፣ የጥጥ ክርም ይሆናል። ከቤት ይዞ ለመውጣት ደግሞ ከሁሉ የምመርጠው ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ነው። እንደ ሽምብራ እያድቦለቦላችሁ በትንሽ ቆርቆሮ ይዛችሁ ሂዱ። ስትጠቀሙበት ዘርጋ አድርጉት፤ አንዷ ብዙ ደቂቃ ትነዳለች። ሌላው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። በደንብ የደረቀውን ጫፉን የቀለጠ ሻማ ውስጥ ነክራችሁ ብታስቀምጡት ሱቅ ከሚሸጥ ማቀጣጠያ አያንስም።

ጭራሮው ከክብሪት እንጨት ውፍረት እስከ አውራ ጣት ያለው ነው። ሲሰበር «ቀጭ» ማለት አለበት። ከተለመጠ አልደረቀም። መሬት የነካውን ተዉት፣ ዛፍ ላይ ወይም ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ የደረቀውን ልቀሙ። ስንት? በቂ ይመስለኛል ስትሉ እጥፍ አድርጉት። እሳት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ጭራሮ አልቆ ሰው ተጨማሪ ፍለጋ ሲሄድ ነው።

ፍልጡን ከገበያ ግዙ። ዛፍ አትቁረጡ። የባሕር ዛፍ ፍልጥ በየገበያው አለ፤ አንድ ሸክም ለአንድ ምሽት ይተርፋል። ስትገዙ ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው። ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ቅርፊቱ በራሱ የሚለቅ ጥሩ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ የእንጨት ዋጋ ከፍላችሁ ውሃ ተሸክማችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው።

ዓይነቱም ለውጥ አለው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይያያዛል፣ ግን ይፈነጥራል። ክትክታ ቀጭን ቢሆንም ሙቀቱ ኃይለኛ ነው። ግራር ፍሙ ይቆያል፣ ለጥብስ እሱን የሚያህል የለም። የወይራ ጭስ ይጣፍጣል፤ ዛፉ እየጠፋ ስለሆነ ግን በራሱ ደርቆ የወደቀ ካልሆነ አትንኩት። ቅንጭብና ቁልቋል ፈጽሞ አይነደድ። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ ጭሱም ያቃጥላል።

እምቦጭስ? ዳር ላይ ተቆልሎ የደረቀ ታያላችሁ። እርጥቡ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ የደረቀው ደግሞ ብልጭ ብሎ አመድ ይሆናል። ተሸክማችሁ ሌላ ቦታ ከወሰዳችሁት ዘሩን ማዛመት ነው። ተዉት።

ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስና ጎማ ማቀጣጠያ አይደሉም። ጭሳቸው መርዝ ነው፣ ሥጋችሁ ላይም ያርፋል። ቤንዚን ደግሞ የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው። ክብሪቱን ከመጫራችሁ በፊት ተኑ እግራችሁ ሥር ደርሷል።

ቀላሉ መንገድ

ሦስት ጉልቻ ትከሉ፤ በመካከላቸው ድስቱን የሚሸከም ያህል ክፍተት ይኑር። አንዱን ክፍተት ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙሩት። አየሩ በዚያ ይገባል።

መሬቱ እርጥብ ከሆነ መሀሉ ላይ ጣት የሚያህሉ ደረቅ እንጨቶች ጎን ለጎን ደርድሩ። ይሄ ወለል ነው። እሳቱን ከጭቃው ይለየዋል።

ወለሉ ላይ አንድ ጭብጥ ማቀጣጠያ አስቀምጡ። አትጠቅጥቁት፣ ይንፈስ። በላዩ በጣም ቀጭኑን ጭራሮ እንደ ትንሽ ደመራ አቁሙት፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የክብሪት በር ተዉለት።

ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ክብሪቱን ስትጭሩ ጫፉን ወደ ታች ዘንበል አድርጉት፤ ነበልባሉ እንጨቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። በሌላው እጃችሁ ከልሉት። ማቀጣጠያውን ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ለኩሱት።

አሁን እጃችሁን ሰብስቡ። አብዛኛው እሳት የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ሰው ነበልባል ሲያይ ደስ ይለውና ፍልጥ ይጭንበታል። ጭራሮውን ሁለት ሦስት እያላችሁ ጨምሩ፣ ቀጥሎ የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ ቀጥሎ የአውራ ጣቱን። ጭስ ከበዛ አየር አንሶታል፤ ጭራሮውን ከፍ አድርጋችሁ ክፍተት ስጡት። መንፋት ካለባችሁ ከሥሩ፣ በቀስታና በረጅሙ ንፉ። ኃይለኛ ትንፋሽ አመዱን ዓይናችሁ ውስጥ ይከታል እንጂ አይጠቅምም።

ጭራሮው በደንብ ሲነድ ሦስት ፍልጦችን በሦስቱ ክፍተቶች አስገቡ፤ ጫፎቻቸው መሀል ላይ ይገናኙ። ከዚህ በኋላ ሥራችሁ ጫፉ ሲነድ ወደ ውስጥ መግፋት ብቻ ነው። ሙቀት ለመቀነስ ፍልጡን ወደ ኋላ ሳቡት። ድስቱ ጉልቻው ላይ ይቀመጣል። ፈረንጆች ይሄንኑ የኮከብ እሳት ብለው በመመሪያ መጻሕፍት ያስተምሩታል፤ እኛ ጋ የገጠር ሴት ሁሉ በየቀኑ ታደርገዋለች። እንጨት ይቆጥባል፣ መጥረቢያም አይፈልግም።

መለኮሱ ሲወሳሰብ

ክብሪት ጠላቱ እርጥበት ነው። ክዳኑ የሚጠብቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከነመጫሪያው ክተቱት። ላይተር ይዛችሁ ከሆነ ጋዙ ቢያልቅም አትጣሉት፤ ድንጋዩ አሁንም ብልጭታ ይሰጣል፣ ቫዝሊን ያለው ጥጥ ደግሞ ከተዘረዘረ በዚያ ሊያዝ ይችላል።

የላይተሩ ድንጋይና ፌሮ ሮድ የሚባለው ዘንግ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው። ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አውየር ፎን ቬልስባኽ በ1903 እ.ኤ.አ. የፈጠረው የብረትና የሴሪየም ቅልቅል ነው። ብልጭታው እስከ 3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ዘንጉ ቢረጥብም ጠርጋችሁት ይሠራል። አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መፋቂያውን ወደ ፊት ስለሚገፋ ነው፤ እጁ ማቀጣጠያውን ይበትነዋል። መፋቂያውን ማቀጣጠያው አጠገብ አጽንታችሁ ያዙትና ዘንጉን ወደ ራሳችሁ ሳቡት። አዲስ ዘንግ ጥቁር ሽፋን አለው፣ መጀመሪያ እሱን ፋቁት። አንድ ዕቃ ግዙ ካላችሁኝ ይሄን ነው የምለው።

ባልጩትና ብረት የቆየው ዘዴ ነው። የሚነደው ብልጭታ ከድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ከብረቱ የሚልጠው ቅንጣት ነው። ብልጭታው ደካማ ስለሆነ የከሰለ ጨርቅ ይፈልጋል። ያረጀ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ የነጠላ ቁራጭ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ትከቱና ክዳኑን በሚስማር ትበሳላችሁ። ፍም ላይ አስቀምጣችሁ ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ እስኪቆም ትጠብቃላችሁ። ቆርቆሮውን ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱት፤ አየር ካገኘ ጨርቁ አመድ ይሆናል። በደንብ የከሰለው ጥቁር ሆኖ ቅርጹን ይይዛል፣ ትንሿ ብልጭታም ትይዘዋለች።

ባትሪና የብረት ሱፍም ይሠራል፤ የቀጭን ብረት ክር ጥቅል የሆነው ሱፍ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ሲነካ ግሎ ይነዳል። ግን ቤት ያለው ወፍራሙ የድስት መፋቂያ ሽቦ አይነድም፤ እንደ ፀጉር የቀጠነውን ነው የሚፈልገው።

እንጨት በእንጨት ማፋተግ? ልምምድ ይፈልጋል፣ ትክክለኛ ደረቅ እንጨት ይፈልጋል፣ መዳፍ ይልጣል። ለጨዋታ ቀን ላይ ሞክሩት። እራት የሚጠብቅ ሰው እያለ አይሆንም።

አቀማመጡ ሲወሳሰብ

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፣ የእንጨት አደራደር መቀየር ብቻውን እርጥብ ማገዶን አያደርቅም። ቦታውን ሲያገኝ ግን እያንዳንዱ ቅርጽ ሥራ አለው።

የምወደው የተገለበጠው እሳት ነው። ወፍራሞቹን ፍልጦች ሥር ጎን ለጎን አጠጋግታችሁ ትደረድራላችሁ። በላያቸው ቀጠን ያሉትን አግድም፣ ከዚያ ደግሞ የቀጠኑትን በተቃራኒው፣ እንዲህ እያላችሁ አራት አምስት ደርብ። ጭራሮውና ማቀጣጠያው ከላይ ይሆናል። የምትለኩሱት አናቱን ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው ይስቃል፤ እሳት ወደ ታች ሲወርድ አይቶ አያውቅማ። ግን የላይኛው ፍም እየወደቀ የታችኛውን ያሞቀዋል፤ ከታች የሚወጣው ጋዝም በነበልባሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ይነዳል። ስለዚህ ጭሱ ያንሳል። አንዴ ከተያያዘ አንድ ሰዓት ያህል ሳትነኩት ትጫወታላችሁ። መሬቱ ጭቃ ሲሆንም ይኼ ነው መፍትሔው፤ ወፍራሙ እንጨት ራሱ ወለል ይሆናል። ቶሎ ለማብሰል ግን አይሆንም፣ ሙቀቱ ወደ ታች እስኪወርድ ይዘገያል።

ርብራቡ ሁለት ሁለት ፍልጥ እያጠላለፉ እንደ ሳጥን መሥራት ነው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ደመራ ቆሞ። ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ከቦ ሲቀመጥ ያምራል። ማገዶ ይበላል። ትልቅ ደመራ ማቆም ደግሞ ለመስቀል ይሁን፤ ሐይቁ ዳር ከጉልበት በላይ ከሆነ ሲወድቅ ወዴት እንደሚወድቅ አይታወቅም።

ዳኮታ ጉድጓድ ለነፋስ ነው። 30 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ። ከእሱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ጠበብ ያለ ሁለተኛ ጉድጓድ ወደ መጀመሪያው ሥር አዘንብላችሁ ታገናኛላችሁ። እሳቱ በትልቁ ይነዳል፣ አየሩ በትንሹ ይገባል። ነበልባሉ ከነፋስ ተከልሎ ድስቱን በቀጥታ ይመታል። ጣና ዳር ግን አንድ ችግር አለ፤ ውሃው አጠገብ ከቆፈራችሁ ጉድጓዱ ራሱ ውሃ ያመነጫል። ከፍ ያለ፣ ቀይ አፈር ያለው ቦታ ያስፈልጋል። ሥር የበዛበት የዛፍ ጥላም አይሆንም። ስትሄዱ መልሳችሁ ድፈኑት፤ የከብት እግር ይሰብራል።

የስዊድን ችቦ የሚሉት አንድ ወፍራም ደረቅ ግንድ አቁሞ በመጋዝ በመስቀል ቅርጽ ከላይ እስከ ሦስት አራተኛው መሰንጠቅ ነው። ማቀጣጠያው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ጀበና ለማስቀመጥ ግሩም ነው። መጋዝ ከሌላችሁ ግን እርሱት።

ዝናብ ካለ

ከሰኔ እስከ መስከረም ባሕር ዳር ዝናቡ ቀልድ አያውቅም። ማገዶውን ከቤት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ውጡ። እዚያው የምታገኙት የውጭው ብቻ ከረጠበ ፍለጡት፤ ውስጡ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ከደረቁ ልብ በቢላ እየላጣችሁ፣ ልጩን ሳትቆርጡ እንጨቱ ላይ እንደተጠቀለለ ተዉት። እንዲህ ያለ አራት አምስት እንጨት ጥሩ ጭራሮ ይተካል። የረጠበውን ፍልጥ ከእሳቱ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ተራው እስኪደርስ ይደርቃል።

ፍሙ ላይ

ቀረሶ ዓሣም ሆነ ሥጋ በነበልባል አይጠበስም። ውጩ ይከስላል፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ነበልባሉ አልቆ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ ፍርግርጉን ጣሉበት። መዳፋችሁን ፍርግርጉ በሚቀመጥበት ከፍታ ያዙት፤ ሦስት አራት ሰከንድ ከቻለ ለዓሣ ደርሷል፣ ወዲያው ካስነሳችሁ ገና ነው። ድንች የምትቀቅሉ ከሆነ ታገሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማገዶ ብትጨምሩ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ድስቱን ክደኑት።

ሲመሽና ሲነጋ

በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሰው ፍም በብረት ድስት አድርጎ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ያምረዋል። እንዳታደርጉት። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጭስ የሌለው ከሰልም ያው ነው።

ጠዋት ለቡና እሳት ከፈለጋችሁና ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ካለ አዳፍኑት። ወፍራም ፍሞችን መሀል ሰብስባችሁ አመድ አልብሷቸው። ንጋት ላይ አመዱን ገለጥ አድርጋችሁ ጭራሮ ጨምራችሁ ንፉ፤ ክብሪት አያስፈልግም። ነፋስ ካለ ወይም ሁሉም ሰው የሚተኛ ከሆነ ግን ማታውኑ አጥፉት።

ለማጥፋት አፈር አትመልሱበት። አመድ ሥር ፍም እንደሚያድር አሁን አይተናል፤ አፈርም እንዲያው ያቆየዋል። በማግስቱ በባዶ እግሩ የሚመጣ እረኛ ይረግጠዋል። ውሃውን በቀስታ እያዞራችሁ አፍስሱ። እንፋሎቱ ፊታችሁን እንዳይመታ ራቅ በሉ። በእንጨት አማስሉት፣ የፍልጦቹን ጫፍ ገልብጡ፣ ጉልቻዎቹን አንስታችሁ ሥራቸውን አርጥቡ፣ እንደገና አፍስሱ። «ሺ» የሚለው ድምፅ ሲያበቃ የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ ከአመዱ በላይ ያዙት፣ ሙቀት ከሌለ አስነኩት። ትንሽም ሞቅ ካለ አልጠፋም፤ ሌላ ጀሪካን ቅዱ።